ሃያ ሽልንግ ላይ የቆመው ዝሆን

ሞያሌ ላይ ድንበር ለመሻገር መታወቂያ ይጠይቁሃል። ለመተረብ ግን የሚጠይቅህ የለም፤ ከየትም ና፣ ማንም ሁን፣ ተራህ ሲደርስ ትቀምሳታለህ።

ኬላውን አልፈህ በኬንያ በኩል እትዬ ጀበና የሚጥዱባት አንዲት ቤት አለች። ስሟን የሚናገር ሰሌዳ የላትም። ጭስ ካለ ክፍት ናት፤ ጭስ ከሌለ እትዬ ለቅሶ ሄደዋል። በብር ብትከፍል መልሱን በሽልንግ፣ በሽልንግ ብትከፍል መልሱን በምርቃት ይሰጡሃል። እዚያች ቤት ሦስት ሆነን እንሰየማለን፦ ከአዲስ አበባ በዲላና በያቤሎ አድርጎ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመኔ ሲቅሙ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ እና ጽፎ አዳሪው እኔ። (ጽፎ ማደሬን ጫማዬን ያየ ሁሉ ያምናል።)

ባለፈው ሳምንት መምህሩ አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ። የጥሪ ወረቀት ነው፤ «ሕፃናትን በዱር እንስሳት ጥበቃ ስለማሳተፍ» ይላል። ሁለት ቀን፣ ሆቴል ውስጥ፣ ከነምሳው።

«ሕፃናቱ ስንት ናቸው ጋሼ?» አለ ሹፌሩ።

«ተሳታፊው አርባ ሰው ነው።»

«ሰው መች ጠየቅኩዎት? ሕፃን ነው ያልኩት።»

መምህሩ ወረቀቱን ገለበጥ አደረጉ። «አንዲት ልጅ አለች። ለክብር እንግዳው አበባ ታበረክታለች።»

«የዱር እንስሳስ?»

«ባነሩ ላይ አንበሳ ይኖራል።»

«እንግዲያውማ ምን ጎደለ! ልጅቷ አበባ ይዛ፣ አንበሳው በሚስማር ተይዞ።»

«አንተ በልጅ ነገር መቀለድ ትወዳለህ።»

«እኔ መች ቀለድኩ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት።»

ይቺን ሲል በሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ልጅ ቆሟል። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በትምህርት ቤት ሹራቡ ላይ የግመል ፀጉር ተለጥፎበታል። ጠዋት ጠዋት ለእትዬ ወተት የሚያመጣ የቦረና ልጅ ነው፤ ኦሮምኛው የእናቱ፣ ስዋሂሊው የትምህርት ቤቱ፣ ሶማልኛው የሰፈሩ፣ አማርኛው የእትዬ ቤት። በአራቱም ይመልሳል።

«ልጅ ያለበውን ግን ጋሼ ሦስተኛ ብርጭቆዎን ይዘዋል» አለ፣ ጀሪካኑን እያስቀመጠ።

ሹፌሩ ብርጭቆውን አየ። እኛም አየነው። ሻይ በወተት፣ ሦስተኛ። እትዬ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሲስቁ ጥርሳቸውን ማሳየት አይወዱም።

እትዬ የወተቱን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። ልጁ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ «ዝሆን፣ ዝሆን፣ ዝሆን፣ አንበሳ...»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬንያውያን በ2010 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት በገንዘብ ላይ የሰው መልክ አይታተም አለ። በ2018 መጨረሻ አዲሶቹ ሳንቲሞች ሲወጡ የመሪዎቹ መልክ ወርዶ እንስሳት ወጡበት። አንዱ ሽልንግ ላይ ቀጭኔ፣ አምስቱ ላይ አውራሪስ፣ አሥሩ ላይ አንበሳ፣ ሃያው ላይ ዝሆን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ። ኬላውን ስትሻገር ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለህ። ሰዓቱ ግን ያው ነው፤ ስዋሂሊም እንደኛው ንጋቱን አንድ ሰዓት ብሎ ነው የሚጀምረው።)

«ይገርማል፤ መሪ አውርዶ ዝሆን!» አለ ሹፌሩ።

«ምን ይገርማል፣ የኛም ሳንቲም ላይ አንበሳ አለ» አሉ መምህሩ።

«አለ፤ ግን ምን ይገዛል? የኛ አንበሳ ድሮ ያገሳ ነበር፤ አሁን ክብሪት እንኳ አያመጣም።»

«የእኛም ያው ነው ጋሼ» አለ ልጁ። «አንበሳ ከረሜላ ነው የሚገዛው። ማንዳዚ ለመብላት ዝሆን ያስፈልጋል።»

መምህሩ፣ የለመደባቸው ሆነና፣ መጠየቅ ጀመሩ። «ለመሆኑ ዝሆን አይተህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«የት?»

«ሃያ ሽልንግ ላይ።»

እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ዝሆኑ ያለበት የማርሳቢት ተራራ ከሞያሌ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካውንቲው አንድ፣ መንገዱ አስፋልት። የውጭ አገር ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ኮፍያ ገዝቶ የሚያየውን ዝሆን የካውንቲው ልጅ በኪሱ ይዞት ይዞራል። ይዞትም አይቆይ፤ ማንዳዚ ይበላበታል።

መምህሩ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ ልጁ ዞሩ። «ስማ። ማርሳቢት ላይ አህመድ የሚባል ዝሆን ነበረ።»

«አህመድ? ኧረ በሕግ! መታወቂያ ነበረዋ!» አለ ሹፌሩ።

«መታወቂያማ ለአንተ ነው። እሱ አዋጅ ነበረው። በ1970 ጆሞ ኬንያታ በፕሬዚዳንት አዋጅ ይጠበቅ አሉ። ጥርሶቹ መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ አንዱ ብቻ 67 ኪሎ። ለዚያ ጥርስ የማይሮጥ አዳኝ የለም። ስለዚህ መሣሪያ የታጠቁ ጠባቂዎች ተመደቡለት።»

«እኔ በዚያው መንገድ ሌሊት ስነዳ ማን ተመደበልኝ?»

እትዬ ከረከቦታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ጥርስህ 67 ኪሎ ሲሞላ እናስብበታለን» አሉ።

አህመድ በ1974 ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በዕድሜው ሞተ። በጥይት ሳይሆን በእርጅና፤ ለባለ ትልቅ ጥርስ ዝሆን ይህ ብርቅ ነው። አጥንቱ ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ በቁመቱ ልክ የተሠራ ምስሉ አለ። (ከማርሳቢት ናይሮቢ ለመኖሪያ የተዛወረ ብዙ ሰው አለ፤ እንደ አህመድ ግቢ ያገኘ ግን አላውቅም።)

«አዋጁ እንዴት ወጣ?» አለ ልጁ።

«ሰው ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ጎረፈ።»

«ደብዳቤ ብቻ?»

«ደብዳቤ ብቻ።»

ልጁ ጀሪካኑን ጭኖቹ መካከል አድርጎ አሰበ። «ደብዳቤማ እኔም እጽፋለሁ። ኢንሻ ላይ አንደኛ ነኝ።» ኢንሻ እነሱ ጋ ድርሰት ነው።

እኔ እስከዚህ ዝም ብዬ ነበር። ጽፎ አዳሪ ዝም ካለ ወይ አምዱን እየጻፈ ነው ወይ ሒሳብ ሊመጣ ነው። አሁን ግን ገባሁበት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። እዚሁ አገር በ1968 ተማሪዎች ራሳቸው ተነሥተው የዱር እንስሳት ክበብ አቋቁመዋል። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። መጽሔታቸውን እንኳ ኮምባ ነው ያሉት፤ ኮምባ ማለት ሌሊት ሌሊት ዛፍ ለዛፍ የምትዘል፣ ዓይኗ ፊቷን የሚሞላ ትንሽ እንስሳ ናት።»

«እኛስ?» አሉ መምህሩ፣ አገራቸው ስትነካ ጉሮሯቸው ይጠራል። «የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ነው የተመሠረተው። በሁለት ዓመት እንቀድማለን!»

«መቅደሙንማ ሁልጊዜ እንቀድማለን» አለ ሹፌሩ። «ልዩነቱ እነሱ ልጅ ሰብስበው ጫካ ይወስዳሉ፣ እኛ ሦስት ሰው ከተሰበሰብን ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንሆናለን። አራተኛው ሲመጣ ኦዲተር።»

ስለ ማኅበሩ ሳይሆን ስለ እኛ ነው የተናገረው፤ ማኅበሩማ ትምህርት ቤት ድረስ ወርዶ የተፈጥሮ ክበብ ሲያቋቁም ኖሯል። የእኛ ነገር ግን እውነት ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነበርኩ። በዓመት አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ግጥም እናነባለን፤ ስለ ኒያላ። የክበባችን አባል የሆነ ሁሉ ኒያላን የሚያውቀው ከሲጋራ ፓኮ ነበር።

መምህሩ ክበብ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ? በክበባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ግጥም ሰጥተውኝ ነበር። ስለ ጅብ።»

«ምን ይላል?»

«ጅብን እንውደድ ይላል። እኔም አጥንቼ አነበብኩት። አጨበጨቡ። በሦስተኛው ቀን ጅቡ መጥቶ ያቺን ነጭ ፍየላችንን በላት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ እኔ ጅቡን እንድወድ ነገሩኝ፤ ጅቡ እኔን እንዲወድ ማን ነገረው?»

ሹፌሩ ጠረጴዛውን መታ። «አቦ ይመችህ!»

ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ እዚያው ተቀምጧል። ልጆችን እናሳትፍ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት እንስሳ በቴሌቪዥን የሚያየውን ልጅ ነው። እሱን ማስወደድ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ጅብ ፍየል አይበላም። ከእንስሳው ጋር ውሎ የሚገባ ልጅ ግን ፍቅር አይደለም የሚጎድለው። የኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ በአውሬ ለሞተ ሰው 5 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ለተበላ ከብትም ካሳ ይላል። መምህሩ ይህን ሲነግሩት ልጁ ፎርም ይሞላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይሞላል አሉት። «አባቴ ፎርሙን ለመሙላት ሲመላለስ ሌሎቹን ፍየሎች ማን ይጠብቃል?» አለ። እኔ እዚያ ላይ ተረብ አልታየኝም፤ ሹፌሩ ግን፣ «ጅቡ» አለ።

ሹፌሩ እንደሁ ዝምታ አይወድም። «ባለፈው ከማርሳቢት ወዲያ መንገድ ዳር አንዲት የሜዳ አህያ ቆማ አየሁ። ይቺ ጆሮዋ ክብና ትልቅ፣ መስመሯ ቅጥን ቅጥን ያለ፣ ሆዷ ነጭ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳት ስል ዞር አለችና ግራ ጎኗን ሰጠችኝ።»

«ግራ ጎኗ አይጠቅምም» አሉ መምህሩ።

«እንዴ! የሥጋ ምርጫ ነው?»

«ቆጠራ ነው።» ከዚያ አስረዱን። ይቺ ባለ ቀጭን መስመሯ የሜዳ አህያ በዓለም ላይ የምትገኘው ሰሜን ኬንያ ውስጥና ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ 15,000 ገደማ ነበረች። በ2016 ጥር ወር ላይ ኬንያ ውስጥ ሕዝቡን ሰብስበው፣ ከአምባሳደር እስከ ተማሪ፣ ካሜራ አስይዘው ለሁለት ቀን በታትነው አስቆጠሩ። ፎቶው በቀኝ ጎን ብቻ ነው የሚነሳው። የቀኝና የግራ መስመሯ አይመሳሰልማ፤ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ ቢያነሣ አንዷ አህያ ሁለት ሆና ትቆጠራለች። እንደ ሰው አሻራ የአንዷ መስመር ከሌላዋ ስለሚለይ ኮምፒዩተር ፎቶውን እያስተያየ ማንን ከማን ይለያል። በዚያ ቆጠራ ኬንያ ውስጥ 2,350 ናት ተባለ፤ በ2018 ሲደገም 2,812።

«ቀኝ ከሆነማ የእኛ ናት!» ብሎ ተነሣ ሹፌሩ። «ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። ኬላው ላይ ስደርስ ነው መንገዱ የሚገለበጥብኝ።»

«የእኛማ ነበረች፤ ስሟን ግን አሳልፈን ሰጠን» አልኩ እኔ። ይህን ታሪክ ለመንገር ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ስፈልግ ነበር። «ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንዷን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ላኩላቸው ይባላል። በ1882 የፈረንሳይ ሊቃውንት መርምረው ልዩ ዘር መሆኗን ሲያውቁ የግሬቪ የሜዳ አህያ አሏት። እስከዛሬ በዓለም ሁሉ እንዲያው ነው የምትጠራው።»

«ሰውየውስ ምን አደረገላት?»

«እሱማ በ1887 ከሥልጣን ወረደ። የልጁ ባል ኒሻን ሲሸጥ ተገኝቶ።»

እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ኖሯል» አሉ። «ሰውየው ከአማቹ ራሱን አላስጣለ፣ እሷ ምስኪን ስሙን ተሸክማ ትኖራለች። የሜዳ ይበሏት እንጂ አህያ መሆኗ አልቀረ፤ ጭነት አታጣም።»

ልጁ ግን ስለ ግሬቪ ጉዳዩም አልነበረ። «በመስመሯ ነው የሚለዩዋት?» አለ።

«በመስመሯ።»

«ታዲያ ለዚህ ኮምፒዩተር ለምን አስፈለገ?»

«ከሁለት ሺህ በላይ ናቸዋ። እናንተ ፍየል ስንት አላችሁ?» አለ ሹፌሩ።

ልጁ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ቦረና ላይ ሰውን ከብትህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ኪሱን መዳበስ ነው። «ፍየል አይቆጠርም ጋሼ።»

«አንዷ ብትጠፋ በምን ታውቃለህ?»

«ማን እንደጠፋች አውቃለኋ። ስንት እንደቀሩ ማወቅ ምን ያደርጋል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አርባ ዓመት ጥሪ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተገኘ፣ ተገኘ፣ ቀረ እያሉ። እኔ ደግሞ ብዕሬን ፈለግኩ። ያ ሁሉ ካሜራና ኮምፒዩተር የደረሰበት ዘዴ ይኸው ነው፤ መንጋውን ሳይሆን እያንዳንዷን ማወቅ። ይህ ልጅ በየማታው በረት በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ያደርገዋል። ካሜራ ስጠው፣ ቀኝ ጎኗን በለው፣ ዓመት ሙሉ ይቆጥርልሃል። በድርቁ በ2022 ከየካቲት እስከ ጥቅምት ኬንያ ውስጥ 49 የግሬቪ የሜዳ አህዮች መሞታቸው ተነገረ። የአንዷን ሬሳ ቀድሞ የሚያየው ማነው? ፍየል ይዞ የወጣ ልጅ። እሱን የጠየቀው ማነው? ... አበባው ዝግጁ ነው ወይ ብለው ይሆናል።

ሹፌሩ መሸነፍ አልፈለገም። «እሺ ፍየልህን ታውቃለህ። ከወፍ ጋርስ ታወራለህ?»

«ከአንዷ ጋር።»

«ከማን ጋር?»

«ወደ ማር ከምትወስደው።»

«ተው እንግዲህ! ወፍ አሁን አንተን ማር ልትጋብዝ?»

መምህሩ ጣታቸውን አነሡ። «አትሳቅ። ይሄ የተጻፈ ነው።» በ1989 ኬንያዊው ተመራማሪ ሁሴን ኢሳቅ ከባልደረባው ከራየር ጋር ሆኖ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አውጥቶታል። እዚሁ ሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ውሎ አድሮ ሰዓት ያዘ። ሰው በማያውቀው አገር ብቻውን ማር ሲፈልግ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ወፏ ስትመራው 3.2 ሰዓት። ወፏ በድምፅዋና በአበራረሯ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግራለች። ሰውየው ጭስ አጭሶ፣ ቀፎውን ሰብሮ፣ ማሩን ይወስዳል፤ ሰሙና ዕጩ የእሷ ነው። ደላላ ናት፤ ግን ኮሚሽኗን በሰም ነው የምትቀበለው።

«እኔ እንደዚህ ዓይነት ደላላ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ ሹፌሩ። «የእኛዎቹ ቀፎው ባዶ ቢሆንም ይበላሉ።»

«አሁን አሁን ግን ብቻዋን ነው የምትጮኸው» አለ ልጁ። «ሰው ስኳር ይገዛል።»

«እውነትም» አሉ እትዬ፤ «በሌሊት በከረጢት ከሚገባ ስኳር ጋር ምስኪኗ እንዴት ትወዳደር!»

«ስትጠራትስ እንዴት ነው?»

ልጁ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ሁለቱን እጆቹን ገጥሞ ጨበጠ፣ አውራ ጣቶቹ መካከል ቀዳዳ ተወ፣ ነፋ። ፉሊዶ ይሉታል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ድምፅ ከዚያ ከሲታ ልጅ አልጠበቅኩም። ስኒው ረከቦት ላይ ነጠረ። ደጅ የተኛው ውሻ ተነሥቶ ቆመ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ቦዳቦዳ ሞተር ፍሬን ያዘና ወደ ውስጥ አየ። ከኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል ይላሉ፤ ኬላው ላይ የቆመው ፈታሽ ሰምቶት ከሆነ የትኛው አገር እንደተጠራ ግራ ገብቶት ይሆናል።

ማንም አልተረበም። ሹፌሩ እንኳ።

መምህሩ የጥሪውን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለልጁ ዘረጉለት። «በእኔ ቦታ አንተ ትሄዳለህ። የነፋኸውን እዚያ ንፋላቸው።»

ልጁ አነበበው። ጣቱን እያስከተለ፣ እስከ ግርጌው። «ሐሙስ ነው። ሐሙስ ትምህርት ቤት አለብኝ።»

«ፈቃድ አስወስድልሃለሁ።»

«ስለ ልጆች የሚሰበሰቡት ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ቀን ነው?»

እትዬ አሁን መሐረቡንም ረሱት፤ ጥርሳቸው ታየ። ሹፌሩ ከኪሱ አንድ ድፍን ሁለት መቶ ሽልንግ መዞ ልጁ እጅ ላይ አኖረ። «እንካ፤ ለወተቱም ለፉጨቱም። ሃምሳውን ውሰድና የቀረውን ስጠኝ።»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ። ማንዳዚ የሚበላባቸውን ዝሆኖች ቆጠረ፤ አልበቁም። «መልስ የለኝም» አለ።

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰማችሁ? ጋሼ ሰሙ? እትዬ! መልስ አጣ! ዛሬ ገና መልስ አጣ!»

ልጁ ሽልንጉን አጥፎ ሹራቡ ውስጥ ከተተ፣ ባዶ ጀሪካኑን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«የሽልንጉን ነው ጋሼ። የሌላውን ነገ ጠዋት ከወተቱ ጋር አመጣለሁ።»